ስለተመለሰው ቅቤ

ወረታ፣ ጥር 1976 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ያየህ፣

ይህን ደብዳቤ ማንንም ሳታስነብብ ራስህ አንብበው። ሽበትህን ይዘህ መሠረተ ትምህርት ስትገባ ስቄብህ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ለእኔው ጠቀመኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መቀየምህን ከጎረቤትህ ከማረው የሰማሁት ገና ትናንት ነው። ገበያ መጥተህ ሱቄን እያለፍህ ስትሄድ ሥራ በዝቶብህ መስሎኝ ነበር። ለካስ "መሐመድዘይን የክርስቲያን ቅቤ ተጸየፈ" ብለሃል። ያየህ፣ ይህ ቃል ካንተ አፍ መውጣቱ አንጀቴን አሳረረው። እኔና አንተ አብረን ሥጋ በልተን አናውቅም፤ ቅቤና ወተት ግን መቼ ለየን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኝ ጎኔን እየከበደኝ፣ ሱቅ ተቀምጬ እንኳ እየደከመኝ ሲያስቸግረኝ ከባለቤቴ ከመዲና ጋር ጎንደር ሄድሁ። ሐኪሙ ሆዴን ዳበሰና "ስንት መለኪያ አረቄ ይጠጣሉ?" አለኝ።

"ኧረ እኔ እስላም ነኝ! ሽታውንም አላውቀው።"

"እንግዲያው ቅባትና መቀመጥ ነው" አለ። "ጉበትዎ ስብ ይዟል። ቅቤውን፣ ጮማውን፣ የሻይ ስኳሩን ይቀንሱ፤ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። ይህን ካደረጉ ይመለሳል፤ እምቢ ካሉ ግን እየደረቀ ይሄዳል።"

ከጎንደር በተመለስን ማግስት ሚስትህ ገላነሽ እንደ ልማዷ ቅቤውን በቅል ይዛ መጣች። እኔ ለእግር ጉዞ ወጥቻለሁ። መዲናን ደግሞ ድንጋጤው ገና አልለቀቃትም። "እቴ ገላነሽ፣ ከእንግዲህ ቅቤ ከዚህ ቤት አይገባም" ብላ መለሰቻት። ባሌ ታመመ ብላ ሱቁን በሞላው ገበያተኛ ፊት መናገር ፈርታ ነው እንጂ ሌላ ክፋት አልነበራትም።

አሁን በየማለዳው በጎንደር መንገድ እስኪያልበኝ እሄዳለሁ። ሱሪዬ ሰፍቶኝ በገመድ አስሬዋለሁ። ሰዉ "ነጋዴው ከሰረ" ይላል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር "ጓድ፣ ምን ያስጨነቀህ ነገር አለ?" ብሎ ጠረጠረኝ። ጎኔ ግን ቀሎኛል። በቀደም ሐኪሙ ዳብሶኝ "እየተመለሰ ነው፣ ይበርቱ" አለኝ። በደስታ ወጥቼ የምነግረው ሰው ብፈልግ አንተ የለህም። ያን ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ ይህ ከፋኝ።

ስለዚህ የፊታችን ረቡዕ በእግሬ እመጣለሁ። ረቡዕን የመረጥሁት ጾማችሁ ስለሆነ ነው፤ ያን ቀን ከቤትህ ቅቤ የለም። ገላነሽ ለእናንተ የሠራችውን የሽምብራ ሽሮ ከአንድ ገበታ ሳልሰጋ እበላለሁ። ለእኔ ብላችሁ ምንም እንዳትጨምሩ። ከደጅህ ቆሜ ስጣራ ግን ሰው እንዳትልክብኝ፤ አንተው ራስህ ውጣልኝ።

ወንድምህ
መሐመድዘይን