የሸቭሮሌዋ ወፍ

ናዝሬት፣ የካቲት ፯ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

እኔ አብተው ገብረወልድ እግሬ አልታዘዝ ቢለኝም አእምሮዬ እንደ ድሮው ነው፤ ማን ምን እንደሚመኝ ለይቼ አውቃለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ በአራት ምስክሮች ፊት የምናገረውን ጸሐፊው ደሊል ይጽፋል። ያላልሁትን እንዳይጨምር በየመስመሩ መልሶ ያነብልኛል።

የምኖርበት ቤት ከነዕቃው ለባለቤቴ ለወይዘሮ ሻሼ ነው። ለልጄ ለካሣ ሁለቱን ላሞችና የእጅ ሰዓቴን ሰጥቻለሁ።

መኪናዬን ሸቭሮሌን ግን ካሣ አያገኛትም። ከመቂ በመጣ ቁጥር ያደንቃታል፤ አደናነቁ ግን የኋላ ወንበሯን በስንዝር እየለካ ነው። ወንበሩ ቢነሳ ስንት ጆንያ ሽንኩርት እንደምትይዝ ሲያሰላ ሰምቼዋለሁ። ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ መሐንዲስ የገዛኋት፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለሟ ያልተነካ መኪና ሽንኩርት አትጭንም። ያለ እነርሱ ሞተሯ አይነሳምና ካንዴላዎቿን ነቅዬ ደብቄአለሁ፤ ቦታውን የማውቀው እኔና ሻሼ ብቻ ነን። መኪናዋም የሻሼ ትሁን።

ለጎረቤቴ ለገመቹም አትሰጥም። እሑድ እሑድ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሲያያት ይቆይና ይሄዳል። ሌላው ሰው ሲያያት «ከክፉ ዓይን ይጠብቃት» ይላል፤ እርሱ አንድም ቀን መርቋት አያውቅም። አይቶ የማይመርቅ ሰው አይጥመኝም። በ፷፱ ዓ.ም. በቤት ለቤት ፍተሻው ሰሞን፣ ኮፈኗ ላይ የነበረችው የብረት ወፍ ስትጠፋ ሌባው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን ተቀብዬው አላውቅም። ዛሬ እዚህ ምስክር አድርጌ ያስቀመጥሁት ምስክር የሆነ ሰው እንደማይወርስ ስለማውቅ ነው።

እዚህ ላይ ሻሼ ደሊልን ብዕሩን እንዲያስቀምጥ ነገረችው። እኔ ግን የምትለውንም እንዲጽፍ አዘዝሁ።

«ያስነቀልኋት እኔ ነኝ» አለች። «ፈታሾቹ ወፏ የአሜሪካ ንስር መስላቸው፣ የአሜሪካ ወዳጅ ብለው እንዳይወስዱዎ ፈራሁ። የፈታልኝ ገመቹ ነው። እንዳይናገር በልጆቹ አስምዬዋለሁ፤ እርስዎ ቢያውቁ በማግስቱ መልሰው ይገጥሟት ነበር።»

ሳጥኗን ከፍታ በነጠላ የተጠቀለለች ወፍ አመጣች። ገልብጬ አየኋት፤ ክንፏ ሥር ያለውን ጭረት አውቀዋለሁ፣ የኔው ናት። መኪናዋን ለምን አንድም ቀን እንዳላደነቃት ገመቹን ጠየቅሁት።

«ባደንቃት ልወስዳት የተመኘሁ ይመስልዎታል ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ይመስለኝ ነበር። በደጄ ባለፈ ቁጥር ሌባ እያልሁት ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ማለቱ አንጀቴን በላኝ።

ስለዚህ ስለ መኪናዋ ከላይ ያጻፍሁት ይሻር። ገመቹ ከምስክርነት ይነሳ፤ በእርሱ ቦታ ወይዘሮ ቶይባ ከጎረቤት ትጠራ። ሸቭሮሌዋን ለእርሱ ሰጥቻለሁ። ቀለሟን እንዳይለውጥ፣ ወንበሯን እንዳያነሳ፣ ካሣንም ከነስንዝሩ እንዳያስጠጋ። ወፏን ዛሬውኑ እኔ እያየሁ ይግጠማት፤ ሲጨርስ የቤቱን መፍቻ ለሻሼ ይመልስ። ካንዴላዎቹን ግን የሚቀበለው ከቀብሬ በኋላ ነው።

ተናዛዥ፦ አብተው ገብረወልድ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ ደሊል ሱልጣን (ፊርማ)
ምስክሮች፦
ራህመቶ ኑሪ (ፊርማ)
ቀነኒሳ ጎበና (ፊርማ)
ጂብሪል ሁሴን (የጣት አሻራ)
ገመቹ ዋቆ፦ ወራሽ በመሆኑ ተሰርዟል
በምትኩ ቶይባ አህመድ (የጣት አሻራ)