እንዳይታረም የተባለው መደብ

ሐምሌ 28 ቀን 1974 ዓ.ም፣ አምቦ

ዛሬም ላንድሮቨሩ የለም። ሰለሞን ወደ ጊንጪ ይዞት ሄዷል። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ዝናብ እቆጥራለሁ። ሸነን ማሳ ላይ ያለው ድንቼ ቅጠሉ እየጠቆረ ይሆናል። ሳምንት ሳምንት ካልታየ የበሽታ ጥናት ምን ሊረባ!

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? በጀቱ መጣ። ከመንግሥት ለምርምር ጣቢያችን የተፈቀደው ለአንድ ጥናት ብቻ የሚበቃ ነው፤ እሱም ለሰለሞን የስንዴ አረም ጥናት ሆነ። የኔ ድንች «ለከርሞ ይታያል» ተባለ። ኃላፊያችን ኦቦ ቶሎሳ ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩም። እዚህ ጭቃ ውስጥ ያረጀሁት እኔ፣ ከቡልጋሪያ ተምሮ ትናንት የመጣው እሱ። ነዳጁ ለሱ፣ ሠራተኛው ለሱ፣ የመ/ቤቱ አንድ ደህና የዝናብ ካፖርት እንኳ ለሱ።

ነሐሴ 6፣ ከሰዓት

ሰለሞን ቢሮዬ መጣ። አስቱ ይለኛል። አስቴር ብሎ መጨረስ ምን ያደክመዋል?

ከዋናው መ/ቤት እንግዶች ሊመጡ ነው። የሱን ስንዴ አይተው የከርሞውን በጀት ይወስናሉ። ግማሹ መደብ ታርሟል፤ ግማሹ ለማነጻጸሪያ ሆን ተብሎ ሳይታረም ቀርቷል። አረም ስንት ምርት እንደሚበላ የሚታወቀው በዚያ ነው። ገበሬዎቹ እንዳይነኩት በኦሮምኛ ንገሪልኝ አለ፤ እሱ አካም ብሎ ሰላም ከማለት በቀር አያውቅም። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ እንጃ። ላንድሮቨሩ ላይ ለመቀመጥ ይመስለኛል።

ነሐሴ 8፣ ጊንጪ

ለገበሬ ማህበሩ ሊ/መንበር ለኦቦ ገመቹ ነገርኳቸው። ያልታረመው እንዳለ ይቆይ አልኩ። ቶሌ፣ እሺ አሉ። ቆየት ብለው እንግዶቹ ያንንም ያያሉ ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። ያፈሩ መሰለኝ። ለምን እንደሚቀር ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ የአንድ ሻይ ጊዜ አይፈጅም። ሰለሞን በሩቅ እጁን አወዛወዘልኝ። ነገርኩልህ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ጥርሱም ያምራል፣ ይድፋውና።

ነሐሴ 9፣ ጠዋት

ሰለሞን እንግዶቹን ሊቀበል መንገድ ወጣ። እኔ ወደ ማሳው። ከሩቅ ዘፈን ይሰማል። ደርሼ ባይ የማህበሩ ሰው ነቅሎ ወጥቶ ያርማል! ያንኑ እንዳይነካ የተባለውን። ኦቦ ገመቹ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። የማህበሩን ስም ላድን ብለው ነው ለካ። ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ለኬሱማ አረም አይታይም። እንግዳ ቤትሽ ሲመጣ አትጠርጊም?»

ገና ግማሹ አልተነካም። ተዉ ብል ይተርፍ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከውስጤ አንድ ነገር እሰይ አለ። አፌን ዘጋሁ። ጃንጥላዬን ዘርግቼ ሻይ ቤት ሄድኩ። ሻዩ አልጣፈጠኝም።

ከሰዓት

እንግዶቹ መጡ። ሰለሞን ማሳውን ሲያይ አመድ መሰለ። ወደኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ግን ምን ሆነ መሰለሽ? እንግዶቹ ተደሰቱ! እንዲህ ያለ ንጹህ ማሳ አይተው አያውቁም። የሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ አሉ፣ አጨበጨቡ፣ የሰለሞንን ትከሻ መቱ። ማነጻጸሪያ የት አለ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የከርሞው በጀትም ይጨመርለታል ተባለ። ልጥለው ብዬ ዝም ባልኩ ሰቀልኩት። ከሳቅና ከለቅሶ የትኛው እንደሚቀድመኝ አላውቅም።

ነሐሴ 12፣ አምቦ

ሰለሞን ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ገብቶ የዘንድሮው ውጤት ዋጋ የለውም፣ ሪፖርት ላይ አይግባ አለ። በግድግዳው ይሰማኛል። ኃላፊው ተቆጡ፤ እንግዶቹ ወደውት አንተ ምን ቤት ነህ አሉት። አሻፈረኝ አለ። የገዛ በጀቱን አደጋ ላይ ጣለ፣ ጅል።

ከዚያ እኔ ዘንድ መጣ። ይከሰኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው አስቱ። ሥራዬን ባንቺ ላይ ጥዬ።»

ላንድሮቨሩ ዘንድሮ ለሱ እንደማያስፈልገው ነግሯቸው ለኔ አስፈቅዷል። ነዳጁም ጭምር። ነገ ሸነን ሂጂ፣ ድንችሽ ሳያልቅ አለኝ። በደግነቱም ቀናሁበት፤ እኔ ብሆን አላደርገውማ።

ነሐሴ 13፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ቦርሳዬ ዝግጁ ነው። ቦቲዬን አጥልቄያለሁ። ዝናቡ አላባራም።

ሲያርሙ እያየሁ መተዌን ብነግረው የመኪናውን ቁልፍ ቢነፍገኝስ? ድንቼ አለቀ፣ ዓመቱ አለቀ። ባልነግረውስ? አስቱ ባለኝ ቁጥር ስሸማቀቅ ልኖር ነው። ከሸነን መልስ ልንገረው ብዬም አሰብኩ። እሱ ማጭበርበር ነው።

ጥሩንባ። መጣ። በመስኮት ይታየኛል፤ ከመኪናው ወርዶ ዝናብ ላይ ቆሟል። ያን ካፖርት አውልቆ በክንዱ ይዞታል። ለኔ ነው። እየበሰበሰ ነው፣ ይሄ ጅል።

ሳልነግረው አልለብሰውም። ቁልፉንም አልቀበልም። ወጣሁ፣ ማስታወሻዬ፣ ቶሎ ልድረስበት።