ቡናችንን ወስደው እንቅልፋችንን ላልመለሱልን ለተከበሩ ዲናችን

ለተከበሩ የጥርስ ሕክምና ኮሌጃችን ዲን
በቢሮዎ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። እንቅልፍዎ ሙሉ፣ ቁርስዎ የተረጋጋ፣ የልብ ምትዎም ያልተቻኮለ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። የእኛን የተማሪዎችዎን ሁኔታ ለማወቅ ቢወዱ፣ ደህና ነን፤ ዓይናችን ክፍት ነው፤ እያየንበት ስለመሆኑ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን ለመለጠፍ የደፈርሁት ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ያስገባሁት ማመልከቻ ከመግቢያው ጠረጴዛ ተነስቶ ከእርስዎ ጠረጴዛ ለመድረስ አቅም ስላነሰው ነው። ርቀቱ በእግር ጥቂት እርምጃ ቢሆንም፣ ለወረቀት ሩቅ አገር መሆኑን ተረድቻለሁና በማመልከቻው አልፈርድበትም።

ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ እንግዳ ጉዳዩን ላስረዳ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ የእኛም ሙያ ከሥሩ መጀመር ነው። ባለፈው የትምህርት ወቅት ማብቂያ ላይ፣ ወትሮ ሳምንት ሙሉ ይወስድ የነበረው ፈተናችን በእርስዎ ትእዛዝ በሁለት ቀን ተጠቅልሎ እንዲያልቅ ተደረገ። ምክንያቱ ደግሞ መልካም ነበር፤ የፈተናው አዳራሽ «የተማሪዎች ጤናማ አኗኗር» ለተሰኘው ጉባኤ ተፈልጎ ነው። ስለ ጤናችን የሚወያዩ እንግዶች መቀመጫ እንዲያገኙ ጤናችን ለጊዜው ገለል እንዲልላቸው ተጠየቀ። በዚህም መሠረት የአካል ጥናቱን፣ የመድኃኒቱንና የበሽታውን ትምህርት በአንድ ቀን ተፈተንን፤ በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ጋሼ ፕላስቲክ የምንላቸውን የመለማመጃ አሻንጉሊት ጥርስ ቦርቡረን እንድንሞላ ተጠራን።

ይህን ያለ ቡና የሚወጣው ሰው ካለ፣ እሱ ተማሪ ሳይሆን ሐውልት ነው። ስለዚህ ጠጣን። በተማሪዎች ክበብ ቡና የሚቀዱልን፣ ከእንቅልፋችን የሚቀሰቅሱን እሳቸው ናቸውና እትዬ ደወል ብለን የሰየምናቸው ሴት፣ ስኒ የሚያጥቡበት ጊዜ እስኪያጡ ድረስ ቀዱልን።

ከጠጡት አንዷ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ቤት ተከራይተን የምንኖረውም አብረን ነው። ተማሪው ሁሉ እጀ ወርቅ ይላታል። አንድ ጊዜ መምህራችን እሷ ከሰም የቀረጸችውን ጥርስ ከእውነተኛ ጥርሶች ጋር ደባልቀው የትኛው የሰም እንደሆነ ሲጠይቁን፣ ክፍሉ በሙሉ ተሳስቷል። በዚያ የፈተና ማለዳ ግን ያቺ እጅ ተንቀጠቀጠች። ቡናው ዓይኗን ከፍቶ ሲያበቃ ወደ ጣቶቿ ወረደና መቦርቦሪያው ከታዘዘው ጥርስ አልፎ ጎረቤቱን በሳው። ጋሼ ፕላስቲክ ምንም አልተሰማቸውም፤ እሷ ግን ወደቀች። በኮሌጁ ደንብ የተግባር ፈተና የወደቀ ዓመቱን ይደግማል፤ እስከዚያም ወደ ክሊኒኩ ዝር አይልም። ተኝታ አድራ እንደገና እንድትፈተን እንዲፈቅዱላት ቢሮዎ ድረስ መጥታ ስትለምንዎ የሰጧትን መልስ እንደነገረችኝ አሰፍረዋለሁ፦ «ቡናውን ማን ጋተሽ?»

ክቡርነትዎ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የመላሹም ስም ከፈተናው መርሐ ግብር ግርጌ ከነማኅተሙ ይገኛል።

እርስዎ ግን መርሐ ግብሩን ለመመልከት ጊዜ ስላጡ፣ በዚያው ሳምንት ቡና የሚባል ነገር በግቢው እንዳይታይ የሚያዝዝ ማስታወቂያ አወጡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉ ተማሪዎች መኖራቸውን ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ብዕር ያነሳሁት ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬን ለአያያዝ እንዲያመች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የክበቡን የቡና ማሽን «ለጥንቃቄ ሲባል» ወደ ራስዎ ቢሮ ስላዛወሩልን አመሰግናለሁ። አደገኛ ዕቃ ከልጆች እጅ መራቁ የአሳቢ አባት ሥራ ነው። ብቻ ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ማንጎራጎር ሲጀምርና ሽታው በኮሪደሩ ሲወርድ፣ ተማሪው ሁሉ ድንገት ጉዳይ እየበዛበት በርዎ ላይ መሰለፍ ለምዷል። ጉዳይ ያለው የለም፤ አየር ለመሳብ ነው። ጸሐፊዎ እርስዎ በሥራ ላይ እንደሆኑ እየነገሩ ሲመልሱን ስኒያቸውን ከጀርባቸው መደበቃቸው ግን ባልተገባ ነበር፤ በዚህ ግቢ አንድ ሰው እንኳ ነቅቶ ስናይ ደስ ይለናል። እትዬ ደወል በበኩላቸው ትኩስ ውኃ ብቻ እንዲሸጡ ታዘዋል። ትናንት አንዱ ጀማሪ ተማሪ ወፈር ያለ ውኃ እንዲቀዱለት ሲማጸናቸው ሰምቼ ለሁለቱም አዘንሁ።

፪. የበሩ ጥበቃ የሚገባውን ተማሪ ሁሉ ትንፋሽ እንዲያሸቱ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። እኚህ ደግ ሰው በዕድሜያቸው አባታችን ይሆናሉ፤ በባዶ ሆዳቸው የስንቱን ወጣት ትንፋሽ መቀበል ምን እንደሚመስል አንድ ቀን አጠገባቸው ቆመው ቢሞክሩት መልካም ነበር። የጥርስ ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው ደግሞ የአፍ መጉመጥመጫ አያጣም። ስለዚህ ጥበቃው አሁን የሚጠረጥሩት አፉ የሚሸተውን ሳይሆን የሚያውደውን ሆኗል። ሰኞ ዕለት ጥርሷን በደንብ ቦርሻ የመጣች ልጅ በር ላይ ተይዛ ብዙ ስትጠየቅ፣ ሽንኩርት በልቶ የመጣው ጓደኛዋ ግን በክብር ገብቷል። የአፍ ንጽሕናን የሚያስተምር ተቋም እዚህ ደረጃ ለመድረስ ብዙ መልፋት ይኖርበታል፤ እርስዎ ግን በአንድ ገጽ አሳኩት።

፫. ይህ ትንሽ ስለሚረዝም ይታገሡኝ። ቡና በበሩ ሲወጣ፣ ከእሱ የባሱት በአጥሩ ገቡ። ጉልበት ይሰጣል የሚባለው የቆርቆሮ መጠጥ በየቦርሳው ነው። የራስ ምታት ክኒን ራሱን የማያመው ሁሉ ይውጠዋል። አንዱ የተፈጨ ቡና በኪሱ ይዞ እየቆነጠረ ይቅማል፤ ሲስቅ ጥርሱን ቢያዩት ለትምህርት ማሳያ ይሆናል። በሰሞኑ የክፍል ፈተና ካፌይን በልብ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ከሁላችን አስበልጦ የጻፈው ልጅ፣ መልሱን የጻፈው ከእነዚያ ቆርቆሮዎች ሁለቱን ጨልጦ መሆኑን እኔና አጠገቡ የተቀመጡት እናውቃለን። መምህራኑም ቢሆኑ ከእገዳው አላመለጡም። ስለ አእምሮ ንቃት ያስተምሩን የነበሩት መምህር ባለፈው ማለዳ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ቆመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኛም ከአክብሮት የተነሳ አልቀሰቀስናቸውም፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ክፍል ከእሳቸው ቀድሞ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ሳምንት ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ከእነዚያ ቆርቆሮዎች ጠጥቶ ልቤ አልታዘዝ አለችኝ ብሎ ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የክሊኒኩ ነርስ መጥተው እስኪያረጋጉት ድረስ እጁን ይዤው ነበር፤ የደም ሥሩ ሲዘል በጣቴ ይሰማኝ ነበር። ፈርቻለሁ። ቡና ምንም አያደርግም የሚል ካለ እኔ አይደለሁም፤ ጓደኛዬን የጣላት ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ተማሪ ቡና የሚጠጣው እንቅልፍ ጠልቶ ይመስልዎታልን? ከእኛ ይልቅ እንቅልፍን የሚያፈቅር ፍጡር በምድር ላይ የለም። የምናገኝበትን ሰዓት ብቻ ይልቀቁልን፤ ስኒውን እኛው ራሳችን አስቀምጠን እንተኛለን።

፬. ስለ እጀ ወርቅ። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። መንገድ ላይ ለነዳጅ በቆሙ ቁጥር ይደውሉላትና «ዶክተሬ፣ ዛሬስ የማንን ጥርስ አዳንሽ?» ይሏታል። መውደቋን አልነገረቻቸውም። ደህና ነኝ ብላ ስልኩን ትዘጋና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሰም መቅረጽ ትጀምራለች፤ ማንም የማይፈልገው ጥርስ መደርደሪያችንን ሞልቶታል። ይህን ሳይ ያናድደኛል፤ በትሕትና መጻፌ ንዴቴን እንዳያሳንስብዎ እሰጋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወሩ መጨረሻ ደርሶ ምዝገባው ሳይዘጋ፣ በደንብ ተኝታ ባደረች ማግስት እንደገና ትፈተን። ያኔም ብትወድቅ ዓመቱን ትድገም፤ እኔም ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እቀደዋለሁ።

በመጨረሻም፣ በጉባኤው ላይ ስለ እንቅልፍ ጥቅም ያደረጉትን ጥልቅ ንግግር ከአዳራሹ ጥግ ቆሜ ስለሰማሁ ሳላመሰግንዎ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። በእረፍቱ ሰዓት ለእንግዶቹ የቀረበውም ቡና ግሩም ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን በመጻፌ ጥርስ ይነክሱብኝ ይሆናል፤ የሙያችን ነገር ነውና አልቀየምም።

ከማይናወጥ አክብሮትና ከሚከደን ዓይን ጋር፣
በማስታወቂያዎ የታረምሁ፣ በመርሐ ግብርዎ የደከምሁ፣
ታዛዥዎ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ደወል፣ ከናፍቆት ጋር
ለበሩ ጥበቃ፣ ከይቅርታ ጋር
ለጋሼ ፕላስቲክ፣ እንዲያውቁት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የክሊኒኩ ነርስ እንደነገሩኝ፣ የታችኛው ግራ መንጋጋ ጥርስዎ ተቦርቡሮ እንዲሞላ ለመጪው ኀሙስ ማለዳ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ሊሠራልዎ የተመደበውም ተማሪ እኔው ነኝ። እርስዎ ባጸደቁት አዲስ መርሐ ግብር መሠረት ደግሞ በዋዜማው ሁለት ፈተና አለብኝ፤ ሳጠና ማደሬም አይቀርም። ስለዚህ ከግቢው ውጭ ቡናዬን ጠጥቼ እጄ እየተንቀጠቀጠ ልምጣ፣ ወይስ ማስታወቂያዎን አክብሬ ዓይኔ እየተከደነ ልምጣ? አፍ ተከፍቶ መቦርቦሪያው መዞር ከጀመረ በኋላ ሐሳብ መለዋወጥ ስለሚያስቸግር፣ ምርጫዎን አስቀድመው ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ከክፍላችን ልጆች በአሁኑ ጊዜ ጠግባ የምትተኛና እጇ ጸጥ ያለላት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ በእርስዎ ውሳኔ የሰው ጥርስ እንዳትነካ ተከልክላለች።