ዝንጉ የትም አይሄድም

አንተ፣

ቧንቧው እንደገና ያንጠባጥባል። ባልዲ ከሥሩ አድርጌለታለሁ፤ ስትገባ ድፋው።

የላክልኝን የመጨረሻ ክፍል አነበብኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንተ እየጻፍክ፣ እኔ እየሳልኩ በድረ ገጻችን ያወጣነው የጌም ተጫዋቾቹ የሥዕል ታሪክ፣ ዝንጉ የጌም ማሽኑን ሸጦ፣ ጓደኞቹን ትቶ ሲሄድ ያልቃል አልክ። «አድገናል፣ ይብቃን» ብለህ።

ዝንጉ እኔ እንደሆንኩ አንባቢው ሁሉ ያውቃል።

አልሳልኩትም። በምትኩ ዝንጉ አንተ የምትጫወተው ጌም ቤተ መንግሥት በር ላይ ተጋድሞ «ከዚህ ንቅንቅ አልልም!» ሲል ስዬ ጠዋት ድረ ገጹ ላይ ለቀቅኩት። ብታጠፋው መልሼ እለቀዋለሁ። እንቅጩን ነው የምነግርህ።

ደግሞ
በሩን አይቼ ለመሳል ያንተን ጌም ከፍቼ ነበር። ከመጀመሪያው ጀመርኩና ስወጣ ሴቭ አደረግኩት። አንተ ባስቀመጥከው ላይ። ሦስት ወር የደከምክበት ሁሉ ጠፍቷል።
አውቄ አይደለም። እሱስ በእውነት አንጀቴን በልቶኛል።

ስለ ዝንጉ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

እስከ ቅዳሜ እናቴ ጋ ነኝ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።
የኔ ነው። እንዳትነቅለው።