የዌንደል ወንበርና የደመወዝ ጣሪያ

ለውድ ወንድሜ ለዌንደል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሃል? ትከሻህስ? ለገና በላክሃት ካርድ ላይ መርከቡ ላይ አንሸራትቶህ እንደወደቅህ ጽፈህ ነበር፤ ዳነልህ ወይስ ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዝሃል? ዓሣውስ እንዴት ነው? አላስካ ኮዲያክ ላይ ከእኛ ቀድሞ በረዶ እንደሚጥል አውቃለሁና እማዬ የሠራችልህን ሹራብ ልበስ፤ እጅጌው አንዱ ከአንዱ እንደሚረዝም እሷም ታውቃለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ሰማንያ አራት ዓመቷን ይዛ ደረጃ ትወጣለች፣ ባሌ ሮይስ ደግሞ ደረጃ ላለመውጣት ምክንያት ሲፈልግ ይውላል።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ ስለማታነሳ ነው። ብታነሳም በስልክ ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፤ አንተ «ሃሎ»፣ እኔ «ደህና ነህ?» ካልን በኋላ ሁለታችንም የመስመሩን ጩኸት ነው የምናዳምጠው። ጉዳዩ ግን መልስ ይፈልጋል፣ ያውም ቶሎ። በእማዬ ጠረጴዛ ዙሪያ ስላለው ወንበርህ ነው። ወደ ወንበርህ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ደመወዝ ጥቂት ማስረዳት አለብኝ። አትሳቅ።

ትሬቮን ላንግስተን ከቡድናችን ከሃመርስ መሄዱን እዚያም ሆነህ ሳትሰማ አትቀርም። አምስት ዓመት የተጫወተልን ልጅ ጁላይ ላይ ውሉ አለቀ፣ ቡድኑም ሳያስፈርመው ቀረ። ሮይስ «ባለቤቱ ቆንቋና ነው! ከኪሱ አውጥቶ አይከፍለውም?» እያለ ሬዲዮ ጣቢያ ሦስት ጊዜ ደወለ። በሦስተኛው ጋዜጠኛው «ሮይስ፣ የደመወዝ ጣሪያ የሚባል ነገር አለ እኮ» ቢለው «ጣሪያውን ያወጣው ማነው? የሱን ስልክ ስጠኝ» አለና ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ሲደውል መስመር ላይ ጠብቅ ይሉታል፣ እሱም ይጠብቃል።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሮጌ ዕቃ በምንሸጥበት ሱቅ ሳህንና ብርጭቆ የምንጠቀልለው በጋዜጣ ነው፤ ከመጠቅለሌ በፊት የስፖርቱን ገጽ አነባለሁ። ችግሩ ግማሹ ገጽ የተቀደደ ነው። አንዱ ጽሑፍ «ቡድኑ ከጣሪያው በላይ መክፈል የሚችለው» ይልና እዚያው ላይ ያልቃል። የቀረው ቁራጭ ለወይዘሮ ፕሩት የሸጥኩላት የሻይ ማንቆርቆሪያ ተጠቅልሎበት ስለሄደ በማግሥቱ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ማንቆርቆሪያውን ላስመልሳት የመጣሁ መስሏት በር አልከፍትም አለችኝ። ወረቀቱን በመስኮት ነው የሰጠችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሀብታም ከተማ ቡድን ጎበዙን ሁሉ ሰብስቦ እንዳይወስድ ለሁሉም እኩል የደመወዝ ጣሪያ ተበጅቷል። ጣሪያው ግን የድንኳን እንጂ የሲሚንቶ አይደለም። ከደጅ የሚመጣ ሰው ባዶ ቦታ ካላገኘ አይገባም። የራስህን ተጫዋች ግን፣ ሦስት ዓመት አብሮህ ከኖረ፣ ቤቱ ቢሞላም ድንኳኑን ገፋ አድርገህ ታስቀምጠዋለህ። ውሉ አልቆ እስኪፈርም ድረስም ስሙ ከመዝገቡ አይወጣም፤ ሰውየው የለም፣ ቦታው ግን ተይዟል። ያንን ቦታ ለእንግዳ መስጠት ካማረህ ስሙን መሰረዝ ግድ ነው። ከሰረዝከው በኋላ ደግሞ ላንተም እንደማንኛውም መንገደኛ ነው፤ የድንኳኑ ነገር አበቃ።

ሃመርስ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከትሬቮን የሚበልጥ የመሰላቸውን ሌላ ኮከብ ሊያመጡ ስሙን ሰረዙ። ያ ኮከብ በማግሥቱ ለሌላ ቡድን ፈረመ። ትሬቮንም በረዶ የሚባል ነገር ወደማይታወቅበት ከተማ ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ሮይስ ማሊያውን ገልብጦ ለብሶ ሣር ሲያጭድ ስለሰነበተ ጎረቤት ሁሉ ኀዘን እንደተቀመጥን አወቀ።

አሁን ወደ ወንበርህ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምስጋና ቀን ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ለመመዳደብ እማዬ ቤት ምሳ ላይ ተሰበሰብን። ታላቃችን ጃኒስ እንደምታውቃት ወረቀትና እርሳስ ይዛ ከራስጌ ተቀምጣለች። ልጇ ሼልቢ ታጭታለች፤ እጮኛዋ ኬለን ይባላል፣ በበር ሲያልፍ አንገቱን የሚደፋ ረጅም ልጅ ነው፣ እሱም እዚያው ነበር። ለበዓሉ እናቱንና አያቱን ይዞ ይመጣል። አባባ የሠራው ጠረጴዛ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። እኛ ትልልቆቹ ዘጠኝ ነን፣ እነሱ ሦስት። ልክ አሥራ ሁለት ይመጣ ነበር፣ ያንተ ወንበር ባይኖር።

ወንበርህ ግን አለ። እማዬ በየዓመቱ ሳህንህን ከነሹካው ታቀርባለች፣ ሁሉም በልቶ ሲነሳም ያንን ንጹሕ ሳህን ከቆሸሹት ጋር አጥባ ትመልሰዋለች። አምና ሮይስ ኮፍያውን ወንበርህ ላይ ቢያስቀምጥ አንስታ ከውሻው ውሃ መጠጫ አጠገብ አደረገችው።

«ስድስት ዓመት ለባዶ ወንበር እራት ስናቀርብ ኖርን» አለች ጃኒስ። «የአባባን የቅርጫት ኳስ ብረት ከጎተራው ላይ ፈትቶ ሲሄድ ማንን አስፈቀደ? ያ ብረት ለሁላችንም ነበር። ዘንድሮ ወንበሩ ለኬለን ይሰጣል። አበቃ።» ሼልቢ ደግ ልጅ ስለሆነች «አጎቴ ሮይስ ወጥ ቤት በልጆቹ ትንሽ ጠረጴዛ ቢቀመጥስ?» አለች። ሮይስ ተቆጣ። «እዚያ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ይመታኛል! ደግሞ እነዚያ ሕፃናት ሌቦች ናቸው፣ አምና ሙሉ ድንቼን በሉብኝ።» እማዬ የጠረጴዛውን ልብስ በጣቷ ታስተካክላለች።

መቼም ቤተሰብ በተሰበሰበበት ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቃለህ። የዛን ቀን ግን «አይሰረዝም» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ሁሉም ዞሮ ውሻውን አየ።

«አንቺ ነሽ የተናገርሽው?» አለች ጃኒስ። እኔ ነኝ አልኳት። «ዌንደል ውሉ ያለቀ የራሳችን ሰው ነው፣ ወንበሩም የተያዘ ቦታ ነው። ዛሬ ከሰረዝነው ነገ መጥቶ በር ቢያንኳኳ እንደ እንግዳ ቦታ ካለ ነው የሚገባው። ትሬቮንን አስታውሱ።» ሮይስ ማንኪያውን ጣለ። «አሃ! አሁን ገና ገባኝ! እነዚያ ደደቦች! ሎሬታ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ምነው ሬዲዮ ላይ ሳላፍር አልነገርሽኝም?» አልጠየቅኸኝም አልኩት።

ጃኒስ በዚህ የምትረታ አይደለችም። «እሺ፣ የሕግ ሊቋ። ለሌላ ቡድን ፈርሞ ቢሆንስ? እዚያ አንዷን አግብቶ፣ በእሷ ጠረጴዛ የበዓሉን ተርኪ ዶሮ እየቆረጠ ቢሆንስ? ያኔም ቦታ ይዘን እንቀመጥ?» ምን ልበልህ፣ ልክ ናት። ሌላ ዘንድ የፈረመ ተጫዋች ስሙ ይወጣል። «አላውቅም፣ እጠይቀዋለሁ» አልኩ። ይኸው እየጠየቅኩህ ነው።

ይህን ጊዜ ኬለን እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «ወይዘሮ ሎሬታ፣ ቤቱ ቢሞላም በዝቅተኛው ደመወዝ የሚፈርም ሰው ይገባል አይደል?» ይገባል አልኩት፣ ሕጉ ይፈቅዳል። «እንግዲያው እኔ በዝቅተኛው እፈርማለሁ። እናቴና አያቴ እዚህ ይቀመጡ፣ እኔ ከልጆቹ ጋር።» ጃኒስ ሳትስቅ ውሉን ጻፈችለት፦ አንድ ጭልፋ ድንች፣ ላዩ ላይ አንድ ጭልፋ ፓስታ፣ የክሬም ኬክ አንድ ቁራጭ፣ ጭማሪ የለም። ልጁ ፈረመ። ሮይስም «ድንችህን በክንድህ ጋርደህ ብላ» ብሎ መከረው።

ጃኒስ ግን ከፊርማው ሥር አንድ መስመር ጨመረች። መልስህ እስከ ኖቬምበር ሃያ ካልደረሰ ኬለን ከወጥ ቤት ይነሳል፣ ወንበሩም የእሱ ይሆናል። እማዬ መስመሩን በመነጽሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ «እስከ ሃያ» አለችና ተነስታ ሄደች።

በኋላ ሳህን ሳጥብ ጃኒስ ፎጣ ይዛ መጥታ አንዱን ሳህን እስኪያብረቀርቅ አደረቀች። «ያ ያልሽው ሕግ» አለችኝ፣ «ሰውየው ብዙ ዓመት ከቀረ ይበላሻል?» የሚሰርዘው ቡድኑ ነው እንጂ ዓመቱ አይደለም አልኳት። «ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩት» አለችና ያንኑ ሳህን እንደገና ማድረቅ ጀመረች።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እሷ ግን እንደነገርኩህ አትወቅ። ሴፕቴምበር ላይ ጎተራውን በሙሉ ቀይ አስቀብታዋለች። ሄጄ ሳየው የአባባ ብረት የነበረበት ቦታ፣ አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ያሉበት፣ የትሪ ያህል ሳይቀባ ቀርቷል። ቀቢዎቹን ረሳችሁ ብላቸው «ኧረ እሷ ናት እዚያ ጋ አትድረሱ ያለችን» አሉኝ። ቀለም ደግሞ አንድ ሙሉ ጣሳ ተርፎ ነበር።

እንግዲህ ሌላ ቦታ ፈርመህ ከሆነ እውነቱን ጻፍልን፤ ማንም አይቀየምህም፣ እሷንም ይዘሃት ና፣ ኬለን አጠገብ አንድ ትንሽ ወንበር አትጠፋም። ካልፈረምክም ና። ብረቱንም ይዘህ ና። በልኩ የሚሆኑ አራት ብሎኖች ከሱቃችን አሮጌ ዕቃ ውስጥ ለቅሜ አስቀምጫለሁ።

ካፒቴንህን፣ ቤት ያከራዩህን ሽማግሌና በካርዱ ላይ የጠቀስካትን ባለ አንድ ጆሮዋን ድመት ሰላም በልልኝ። ሮይስ ሰላም ይልሃል፤ አላስካ ውስጥ መስመር ላይ የማያስጠብቅ ሬዲዮ ጣቢያ ካለ ቁጥሩን ላክልኝ ይላል። ሼልቢ ትስምሃለች። ኬለን ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል። ጃኒስ ሰላም በይው አላለችኝም፣ ግን ቴምብሩን የገዛችው እሷ ናት። እማዬ ደግሞ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ሌላ ምን ልጨምርልሽ ብላት «ዘንድሮ ያንን ሳህን ተበልቶበት ማጠብ እፈልጋለሁ ብለሽ ጻፊለት» አለችኝ።

እህትህ ሎሬታ
ኮኮሞ፣ ኢንዲያና
ኦክቶበር 30 ቀን 2018