አንቱ የሆንኩበት ቅዳሜ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለቤቴ ምሰሶ።

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ስትንገጫገጭ ባሰብህ? የመንገድ ሥራው አቧራ ደረትህን አልነካውም? የካምፑ ምግብ ይስማማሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ይንቋቋል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ቤቱም እንደ ቆመ ነው። ቆሟል ስል ግድግዳውን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ወደ ታች ታነበዋለህ።

ጽሕፈቱን ስታይ «ይህ ደግሞ የማን ጭረት ነው» ሳትል አትቀርም። የኔ ነው። እስከ ዛሬ ይደርስህ የነበረውን ያን እንደ ዶቃ የተደረደረ ጽሕፈት የምትጽፍልኝ ትልቋ ነበረች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ «አያቴ ቀስ በል፣ እጄ ዛለ» እያለች ትስቃለች። አሁን በራሴ እጅ ሆኗል፤ ይህችን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የጣልኩት ፊደል ካለ አንተው አንሳው። በስልክ እንዳልነግርህ ስልኩ የሚስትህ ነው፤ እሁድ እሁድ ስትደውል አጠገቤ ቆማ ነው የምታቀብለኝ። ስለዚህ ደብዳቤውን የማሽን መለዋወጫ ጭኖላችሁ ለሚመጣው ሹፌር እሰጠዋለሁ። እሷ ሳትነግርህ ከኔ ስማው ብዬ ነው።

ስትሄድ በር ላይ ቆመህ «አባባ፣ እነዚህ ልጆች ስልክ ላይ ተተክለው ቀሩ፤ ጓሮ ያውጡልኝ፣ አፈር ይንኩ፣ አብራችሁ አንድ ነገር ሥሩ» አልከኝ። እኔ መቼ ጠየቅኩህ? የእናታቸው ስልክ ላይ እንደ ተደፉ ትተሃቸው ብትሄድ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ከሩቅ ሰላም እየተባባልን በክብር እንኖር ነበር። ብቻ እሺ አልኩህ፤ እሺ ካልኩ ደግሞ ታውቀኛለህ።

አርባ ዓመት ግንበኛ ሆኜ ሰው ሳዝ የኖርኩ ሰው ልጅ ማባበል ከየት አመጣለሁ? የመጀመሪያውን ቅዳሜ እንደ ሥራ ቦታ አሰለፍኳቸው። አንዷን በዶማ፣ አንዱን በባልዲ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዞር ስል ዶማውም ባልዲውም ብቻቸውን ቆመዋል። ሚስትህ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «አባባ፣ የራሳቸውን ድርሻ ይስጧቸው እንጂ፤ የኔ የሚሉት ከሌለ ለምን ይለፋሉ?» አለችኝ። ሴት ልትመክረኝ ነው ብዬ ተኮሳተርኩ፤ በሳምንቱ ግን ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መደብ አወጣሁላቸው። ትልቋ ካሮት ዘራች። ትንሹ ወንድሟ ባቄላ ቀበረና ጠዋት ጠዋት «ነቅቶ እንደሆነ ልየው» እያለ እየቆፈረ ያወጣዋል። ባቄላው እረፍት አጥቶ ሳይበቅል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ቆፋሪው አልነው፤ እሱም ሹመት መስሎት ሲጠሩት ደረቱን ይነፋል።

ሦስተኛው ወር ላይ ማንንም መጥራት ቀረልኝ። ሚስትህም ልብስ ያለቀለቀችበትን ውሃ እየያዘች ትወጣለች። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠን እዚያው ቁርሳችንን እንበላለን። ሳልወድ በግዴ ቅዳሜን መጠበቅ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ሳላይ የትልቋን ካሮት ረገጥኩት። «አንተ! እግርህን አንሳ!» ብላ ጮኸችብኝና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። አንተን ራስህን አንቱ አስብዬ ነው ያሳደግኩህ። እናትህ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት አንተ ብሎ የጠራኝ ፍጥረት አልነበረም። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዘጋሁትና እግሬን አነሳሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተ ሆንኩ። ቆፋሪውም ከሷ ተማረ። ደስ ይለኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። ባለፈው ወር አንዱን ቅዳሜ የውሃው ጎማ ተቀዶ ከሱ ጋር ስታገል ትልቋ መጣችና «አያቴ፣ አረሙን በምን ልለየው?» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል «እኔ ያልዘራሁት ሁሉ አረም ነው፤ ንቀይው» አልኳት። ከዚያ ማሰሪያ ሽቦ ልለምን ወደ ጎረቤታችን ወደ ጡረተኛዋ አስተማሪ ቤት ሄድኩ። ስመለስ የአጥሩ ሥር እንደ ተላጨ ራስ ጸድቷል። የእናትህ አበባ። በየዓመቱ ራሱ ረግፎ ራሱ የሚበቅለው፣ ሳይፈነዳ ቢያዩት ከአረም የማይለየው። ሁሉንም ነቅላ ቆልላዋለች። ክርኗ ድረስ አፈር ለብሳ «እይ አያቴ፣ አንድም አላስቀረሁ!» ብላ ምስጋና ትጠብቃለች።

ታስታውስ እንደሆነ እንጃ፣ እናትህ በሕይወት ሳለች «ይህ የማይበላ ነገር ቦታ ይዞ» እያልኩ የምነዘንዛት እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜም በገዛ ዶማዬ ገልብጬው አኩርፋኛለች። ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ጠፋኝ። ትልቋን «አንቺ የማን ዘር ሆነሽ ነው የሚስቴን አበባ የምትነቅዪው?» አልኳት።

ስለ አበባው ነው የተናገርኩት ብዬ ልዋሽህ እችላለሁ። አልዋሽህም። ልጅቷ ሚስትህ አዝላት ወደ ቤታችን የገባች እንጂ ካንተ አብራክ እንዳልወጣች አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። እንዲያማት ፈልጌ ነው ያልኩት።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ትልቋ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «እርስዎ ያልዘሩት ሁሉ አረም ነው ብለውኝ ነው» አለችኝ። እርስዎ። ብለውኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ አንቱ ነኝ። ደህና አደሩ፣ ደህና አመሹ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ። አስተማሪዋ በአጥር ላይ ሰምታ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ልጅ እንዴት አድርገህ ነው ያሳደግካት! የዛሬ ልጅ እንዲህ ያከብራል?» ብላ አመሰገነችኝ። አዎ፣ ጨዋ ናት አልኩ። አኩርፋ ከጓሮ ብትቀር እንኳ አንድ ነገር ነው። አትቀርም። ቅዳሜ ቀድማ ትወጣና ከእያንዳንዱ ቅጠል ፊት ቆማ «ይህስ ይነቀል ይላሉ?» ትለኛለች። «ይህስ?» «ይህኛውስ?» የገዛ ካሮቷን ሳይቀር ትጠይቀኛለች። የመኮትኮቻ እጀታ በቁመቷ ልክ ቆርጬ፣ እጇን እንዳይወጋት አለስልሼ በሯ ላይ አስደገፍኩላት። «አመሰግናለሁ፣ አስቸገርኩዎት» ብላ ወስዳ ከኔ ዕቃዎች ጋር ደረደረችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ሚስትህ ሳህን እያነሳች «አባባ፣ እኔን ቢሰድቡኝ ኖሮ ለባሌ አባት ብዬ እችለው ነበር። ልጄ ግን በገባች በወጣች ቁጥር የማን ዘር ነኝ እያለች አትኖርም» አለችኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዛ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። የስፌት መኪናዋን የምታስርበት ገመድ ሳይቀር አዘጋጅታለች። ልትነግርህ የፈራችው ሥራ ላይ ሆነህ ሐሳብ እንዳይገባህ ብላ ነው።

ይህን መጻፍ ስጀምር «እሁድ ስትደውል ቅሪ በላት፣ እዘዛት» ልልህ ነበር። እዚህ ድረስ ስደርስ ግን ተውኩት። አትዘዛት። ባልሽ አዞሽ ነው የቀረሽው የሚባል ቤት እኔም አልፈልግም። መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። አርባ ሰው አዝዤ አንድ ቀን «አጠፋሁ» ብዬ አላውቅም፤ ቃሉ ጥርሴ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ትናንት ጓሮ ውስጥ ስሟን ጠርቼ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ስትለኝ ውሃ አምጪልኝ አልኳት። ሳይጠማኝ ጠጣሁት። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እንደምናገር ቃል አልገባልህም። አባትህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን ከኔው እጅ እንድታነበው ፈልጌያለሁ። ልትፈርድብኝ ከፈለግህ ፍረድ፤ አልቀየምህም።

ሚስትህ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ሁለት ሸሚዝ ሰፍታ ከዚሁ ጋር ልካልሃለች። ቆፋሪው ሁለት ጉንጭህን ስሟል፤ የእግሩን ልክ በወረቀት አስምሮ «ጫማ በዚህ ይምጣልኝ» ብሏል፤ እስክትመጣ ድረስ ግን እንደሚያድግ ነግሬዋለሁ። አስተማሪዋ በያለህበት በርታ ብላሃለች። ትልቋን በመጨረሻ ሄጄ ለአባትሽ ምን ልበልልሽ አልኳት። ከደብተሯ ቀና ብላ «ለአባቴ ናፍቀኸኛል ይበሉልኝ» አለች። በልልኝ አላለችም። እንዳለችው ጽፌዋለሁ።

አባትህ

ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጻፈ
ሰኔ 19 ቀን