አሮጊቷ ጥልቁ ውስጥ የለችም

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅህ እንድታነብልህ አልፈልግም። መነጽርህን አድርግና ቁጭ ብለህ ራስህ አንብበው። ቀስ ብትል አይከፋኝም፤ የምትናደድበት ቦታ እስክትደርስ እኔም ትንሽ ጊዜ አገኛለሁ። በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ስንት ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ እንደዘጋሁት አታውቅም። ድምፅህን ስሰማ እዋሻለሁ። ወረቀት ደግነቱ ዝም ይላል፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» አይለኝም።

እንግዲህ ቶሎ ልበለውና ይውጣልኝ። አሮጊቷ የለችም። ሞታለች። የገደልኳትም እኔ ነኝ። በየሳምንቱ «ዛሬም አየኋት» እያልኩ ያወራሁልህ ሁሉ ውሸት ነው።

አሁን መነጽርህን አውልቀህ ግድግዳውን እያየህ እንደሆነ አውቃለሁ። መልሰህ አድርገው። የቀረውንም ስማኝ።

ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ ተጠማዞ ከትልቁ ዛፍ ሥር የሚያርፍበትን ጥልቅ ቦታ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ያቺን ትራውት የምትባል ዓሣ መጀመሪያ የያዝካት ቀን አጠገብህ ነበርኩ። መንጋጋዋ ላይ የቆየ ጠባሳ ነበራት፤ ከኛ በፊት ከስንት ሰው እጅ አምልጣ እንደኖረች ያስታውቅ ነበር። «ይቺማ አሮጊት ናት፤ አሮጊት ደግሞ አይበላም» ብለህ ውሃው ውስጥ አፏን ወደ ወራጁ አዙረህ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ በሁለት እጅህ ደግፈህ ያዝካት። ከዚያ ለቀቅካት። እኔ ደግሞ እራታችን ሄደ ብዬ ስነጫነጭ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ስንገናኝ ከጤናችን በፊት የምንጠያየቀው ስለ እሷ ነበር። ልጅህ አንድ ቀን ወደ ጎን ወስዳኝ፣ «አክስቴ፣ አባዬ የሚጠይቃት አሮጊት ማናት? እርዳታ የምትፈልግ ከሆነ እኛም እንወቃት» ስትለኝ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ሕጉንም ያወጣኸው አንተ ነህ። ከታች፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ፣ በትልም ሆነ በፈለግነው እናጥምድ። ጥልቁ ላይ ግን ትል የለም። «ሚጢ፣» አልከኝ፣ ከአምሳ ዓመቴ በኋላም ሚጢ ማለት አልተውክም፣ «ዓሣ የሚሽከረከር ብረት ሲያይ ይናደዳል፤ አባሮ በከንፈሩ ነው የሚነክሰው። ከከንፈር ላይ መንጠቆ ማውጣት ቀላል ነው። ትል ግን ምግብ ነው፤ ይውጠዋል። የተዋጠ መንጠቆ ደግሞ አይወጣም። ክሩን ቆርጠሽ ትለቂዋለሽ፣ ዕድል ካለው ይኖራል።» ይህን የነገርከኝ አንድ ጊዜ አይደለም። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ቀኝ እጅህና ቀኝ እግርህ እምቢ ካሉህ በኋላ ወንዝ የምወርደው ብቻዬን ሆነ። ቁልፍ የምትቀርጽበት ሱቅህ ተዘጋ። ከአሮጌ የናስ ቁልፍ ቀጥቅጠህ፣ ሞርደህ የሠራሃቸውን የሚሽከረከሩ ብረቶች፣ ስፒነሮችህን ሁሉ፣ ለእኔ ሰጠኸኝ። አንተ ስትወረውራቸው የሚመለሱት፣ እኔ ስወረውራቸው ዛፉ ሥር እየቀሩ አለቁ። የመጨረሻዋም እዚያው የቀረች ቀን ዘንጉን ሰብሬ ልጥለው ደርሼ ነበር። ታውቀኛለህ፤ ስናደድ ልክ የለኝም። አሮጊቷ ደግሞ ሆን ብላ የምታሾፍ ይመስል ከጥላው ብቅ ብላ ተመለሰች። ለታችኛው ቦታ የቆፈርኳቸው ትሎች በጣሳ ውስጥ አጠገቤ ነበሩ። «አንድ ውርወራ ብቻ» አልኩ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም፤ አጠገቤ ሰው አልነበረም።

ክሩ ነካ፣ ነካ አለ። ወዲያው ስቤው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከንፈሯ ላይ ይይዛት ነበር። ግን እጄ በትል ሲያጠምድ መጠበቅ ለምዷል፤ ክሩን አላልቼ በደንብ እስክትጎርስ ጠበቅኳት። ከዚያ ሳብኩ። ማጠንጠኛውን እየዘወርኩ፣ እንደ ልጅ ብቻዬን እየሳቅኩ ወደ ዳር አመጣኋት። አፏን ስከፍተው መንጠቆው አይታይም። ክሩ ብቻ ወደ ሆዷ ገብቷል።

መቀሴ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያለ እሱ ከቤት እንደማልወጣ ታውቃለህ። ቀኑን ሙሉ ክር ስቆርጥ የምውል ልብስ ሰፊ፣ ያቺን አንዲት ክር መቁረጥ አቃተኝ። ጣቴን ተማምኜ ነው። ከስንት ጨርቅ ውስጥ የተሰበረ መርፌ አውጥቼ የለ? መንጠቆ ያቅተኛል? በፒንሳህ ገብቼ ፈለግኩ። መንጠቆው ወጣ፤ ከመተንፈሻ ስንጥቧ የሚወርደው ደም ግን አልቆመም። እንዳንተ አፏን ወደ ወራጁ አዙሬ ያዝኳት። እጄ እስኪደነዝዝ ያዝኳት። ስለቅቃት ሆዷን ወደ ላይ አዞረች።

ልጥላት አልቻልኩም፣ ልቀብራትም አፈርኩ። ቤት ወስጄ ጠበስኳት። እያለቀስኩ በላኋት። ደግሞ ትጣፍጥ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ይህን ባልነግርህ ማንም አያውቅም፤ ግን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ስለሆነ ንገሪው ንገሪው አለኝ።

መጥበሻው ገና ሳይታጠብ ደወልክ። ያን ጊዜ አንደበትህ በደንብ አልተፈታም ነበር፤ አንዱን ቃል ለማውጣት ስትታገል እሰማሃለሁ። «አሮ... ጊቷስ?» አልከኝ። ከሕመምህ ወዲህ ራስህ ደውለህ የጠየቅከው የመጀመሪያው ነገር ነበር። «አለች» አልኩህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በማግስቱ ልጅህ ደወለች። «አክስቴ፣ ምን ብለሽው ነው? እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ ሳትመጣ ራሱ ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ድረስ ሄደ። ‹እኔ ሳላያት አትሞትም› ይላል።» ልጅቷ በደስታ ታለቅሳለች፤ እኔም አለቀስኩ፣ በደስታ ነው ብላ አሰበች።

ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርህ? አንድ ሳምንት ስፒነሩን ተከትላ እግሬ ሥር ደርሳ ተመለሰች አልኩህ፤ ስፒነር የሚባል እጄ ላይ አልነበረም። አንተም የሕንጻችሁን ደረጃ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ወረድክ። ሌላ ሳምንት ከውሃው ዘለለች አልኩህ። ሁለተኛው ማረፊያ ደረስክ። «ትንሽ እንዲሰምጥ ተዪው እንጂ፣ ቸኮልሽ» እያልክ ትመክረኛለህ፣ እኔም «እሺ» እላለሁ። አንድ ጊዜ ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ወሬያችንን ሰምታ፣ «ዓሣ አጥማጅ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «ውሸታም ነኝ» አልኳት። ቀልድ መስሏት እስክትሄድ ሳቀች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ እያደር ከበደኝ።

እንግዲህ ትናንት የጎረቤታችሁ የታክሲ ሹፌር የላክልኝን ጥቅል ይዞ መጣ። ስፈታው አንዲት ስፒነር ወጣች። በግራ እጅህ የሠራሃት ናት። ተንጋዳለች፣ በአንድ ጎኗ የቁልፉ ጥርስ ገና አልተሞረደም። ልጅህ ደውላ ስንት ቁልፍ እንዳበላሸህ፣ ሞረዱ ስንት ጊዜ ጣትህን እንደላጠው ነገረችኝ። «ቅዳሜ ወንዝ እሄዳለሁ ብሏል፤ ሹፌሩንም አነጋግሯል። አክስቴ፣ ያንቺን ውለታ በምን እንከፍላለን?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀሚስ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁ።

ይህን አንብበህ ወደዚያ ወንበር እንዳትመለስ እፈራለሁ። ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ፣ እህል በማንኪያ ሲሰጡህ አፍህን የዘጋህባቸውን ወራት አይቻለሁ። ብትመለስ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ። ስለዚህ ዝም ልል ወስኜ ነበር። እንሂድ፣ ይወርውር፣ ዛሬ አልነካችም እንበል፣ አሮጊት አይደለች፣ ምን ይታወቃል ብዬ።

ሌሊቱን ግን አንተን አሰብኩ። ባዶው ጥልቅ ላይ በግራ እጅህ ስትወረውር ታየኝ። እኔ ከኋላህ ቆሜ «በርታ» እላለሁ። አንተ በዓሣ አትፈርድም፣ በውሃ አትፈርድም፣ በእኔማ መቼ ፈርደህ ታውቃለህ። እስኪመሽ ወርውረህ፣ ወርውረህ፣ በመጨረሻ «እጄ ነው እምቢ ያለኝ» ትላለህ። በእጅህ ትፈርዳለህ። እኔ አጥፍቼ እጅህ አይወቀስም። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እጅ ነው።

ጥልቁ ውስጥ ሌላ ዓሣ ገብቷል ብዬ ልጨርስልህ አምሮኝ ነበር። ይግባ አይግባ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጥልቁ አልሄድኩም፤ ከድልድዩ ላይ እንኳ ወደ ታች ማየት አልቻልኩም። አላውቅም ማለት ካሁን በፊት ከነገርኩህ ሁሉ የተሻለ እውነት ነው።

ይቅርታህን አሁን በስልክ እንዳትሰጠኝ። ስትስቅ ከሰማሁህ አምንሃለሁ፣ አንተ ደግሞ እኔን ለማዳን ስትል ትስቃለህ። ተቆጣኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠራቀምከው ካለ እሱንም ጨምርበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሕንጻችሁ በር ላይ ነኝ። ከወረድክ ያለችበትን ሳይሆን የሌለችበትን ቦታ አብረን እናያለን። ካልወረድክ እኔ እወጣለሁ፤ ከወንበርህ አጠገብ ሌላ ወንበር ስበው።

እህትህ፣
ሚጢ